በፍልሰታ የተጠጣ ወተት

ጽናት ወዳጆ በየገበያው ቀን ከበግ ፀጉር ጋር እየተሰለፈች መመዘን ከጀመረች ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። መሐል ሜዳ በምትባለው የመንዝ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ ጀላሉ የሚባል የቆዳና የበግ ፀጉር ነጋዴ አለ፤ ከቆላ መጥቶ የመንዝን ብርድ እየረገመ የለመደ፣ ልጆቹንም እዚሁ ያሳደገ ሰው ነው። ሱቁ መካከል ጆንያ የሚቆምበት ባለመርፌ ትልቅ ሚዛን ተተክሏል። ገበሬው ፀጉሩን ያወርዳል፣ ጀላሉ መርፌውን ያነባል፣ ይከራከራሉ፣ ይማማላሉ፣ ይስማማሉ፤ ጆንያው ሲወርድ ደግሞ ያቺ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘች ልጅ ጫማዋን አውልቃ ትወጣለች። መጀመሪያ ሰሞን ገበያተኛው ቆሞ ይስቅባት ነበር። "ጀላሉ፣ ይቺንስ በስንት ገዛሃት?" የማይል አልነበረም። ኋላ ነገሩ ሲገባው ግን የራሱ ጉዳይ አደረገው፤ "ዛሬስ ጨመረች?" ሳይል የሚያልፍ ጠፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጽናት ምህንድስና ተምራ በወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ሁለት ዓመት ከሠራች በኋላ፣ አዲስ አበባ ላለ የበረራ ትምህርት ቤት ተወዳደረች። ወሬው የመጣው ሚሌኒየሙ ባለፈ በአራተኛው ክረምት፣ ሰው ሁሉ ስለ ግድቡ ቦንድና ስለ ስኳር ወረፋ በሚያወራበት ሰሞን ነው። የወዳጆ ልጅ አውሮፕላን ነጂ ልትሆን! ፈተናውን አለፈች፤ ዓይኗን አዩት፣ ጆሮዋን አዩት፣ ጥርሷን አንድ ባንድ ነካኩት፤ ሁሉም ደህና ሆነ። የመጨረሻው ሐኪም ግን ቁመቷንና ክብደቷን አስተያይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሃምሳ አራት ኪሎ ሞልተሽ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ተመለሽ፣ ያን ጊዜ ካልሞላሽ ቦታሽን ለተጠባባቂው እንሰጠዋለን አላት። እቤቷ ገብታ ይህን ስትናገር አባቷ ጭንቀቷን በሳቅ ተቀበለው። "በይ ተይ እባክሽ! ስንቱን ሙክት አድልበን የሸጥን ሰዎች፣ አንዲት ልጅ ማወፈር ያቅተናል?" አለ።

ወዳጆ ሸማኔ ነው፤ ጥጥ ሳይሆን የበግ ፀጉር የሚሸምን፣ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስና በርኖስ ካባ የሚሠራ። የሚያስተውለው ነገር ሁሉ ከዚያ ከሸማው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ የሚያስተውለው ነው። ልጁ በረራ እንደምትማር በሰማ ማግስት ወደ ጓሳ ተራራ ቀና ብሎ አሰበ፤ ከመሐል ሜዳ ጓሳ ይብሳል ብርዱ፣ ከጓሳ በላይ ያለው ሰማይ ነው፣ እንግዲህ ሰማዩማ እንዴት ሊያደርጋት ነው? "ውስጡ ይሞቃል እኮ አባዬ" ብትለው "ይሙቃ፣ ስትወርጂስ?" ብሎ ጥቁር በርኖስ ጀመረላት። እናቷ ጥሩሸዋ ፈተለች፣ እሱ ሸመነ። ሥራው አምሮ ወጣ፤ ዝናብ የማያሳልፍ፣ ሲያቆሙት የሚቆም። ጽናትም ክረምቱን ሙሉ ከላይዋ አላወረደችውም። ከዚህ ሌላ ያለውን ዝግጅት ራሷ ነበር የምታሯሩጠው፤ ነጭ ሸሚዞቿን አሰፋች፣ ጥቁር ጫማዋን ከደብረ ብርሃን አስመጣች፣ የመሥሪያ ቤቱን ቁልፍ አስረከበች፣ አልጋዋን ለአክስቷ ልጅ ሰጠች። ማታ ማታ ደግሞ አብራሪዎች በሬዲዮ ፊደል የሚጠሩበትን ስም ታጠናለች፤ አልፋ፣ ብራቮ፣ ቻርሊ እያለች። አባቷ መወርወሪያውን እያመላለሰ አብሯት ያዘው። ዊስኪ የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ሁልጊዜ ሥራውን ያቆማል። "ይኼ ይኼ ነው የማይገባኝ፤ ሰው አሳፍረው ሲያበቁ ስለ መጠጥ ምን አወራቸው?" ይላል።

ጥሩሸዋ ግን ዝም ነበረች። ሂጂም አላለች፣ አትሂጂም አላለች። ሸሚዙን አጥባ ትተኩሳለች፣ በሶውን ትበጠብጣለች፣ ተልባውን ትወቅጣለች፣ ቅቤውን ታነጥራለች፤ ስለ አውሮፕላን ሲወራ ግን እንዝርቷን አንስታ ወደ በሩ ትዞራለች። ጽናት እናቷን አንዴ ብቻ ጠይቃታለች፤ "እማዬ፣ ምን ትያለሽ?" ብላ። "ምን እላለሁ? እኔ ምን አውቄ" ብላ ዘጋቻት። ባሏም ደጋግሞ ሊያናግራት ሞክሮ ተወው፤ ጥሩሸዋ ዝም ካለች መጋዝ አይከፍታትም። እሷ በሰፈሩ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በክሯ ቅጥነትና በጾሟ። ዐቢይ ጾሙን፣ ነቢያቱን፣ ሐዋርያቱን አንድም አታስታጉልም፤ ፍልሰታ ሲሆንማ በየዓመቱ ማርያም ግቢ ድንኳን ጥላ ሱባኤ ትገባለች። ዘንድሮ ብቻ ነው በልጇ ምክንያት ቤቷ የዋለችው፤ ያም ቢሆን ከቅዳሴ በፊት ውሃ ባፏ አይዞርም።

ደግነቱ ሚዛኑ ሁሉንም ያስደስት ነበር። ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ በነበረ ጊዜ፣ በስስ ቀሚሷ ተመዝና ሃምሳ አንድ አልሞላችም። ሐምሌ ሲገባ ሃምሳ ሦስት ሆነች፣ ቀጥሎ ሃምሳ አምስት፣ ያለፈው ገበያ ቀን ድፍን ሃምሳ ስድስት! ጀላሉ ደስ ብሎት ለተገኘው ሁሉ ከረሜላ አደለ። ወዳጆ ጠላ ቤት ገብቶ "ልጄ ተርፋለች! ሁለት ኪሎ ለተጠባባቂው ብትመርቅለት አይከፋትም!" ብሎ ፎከረ። በዚህ መካከል ፍልሰታ ገባ፤ የዚያ ዓመት ረመዳንም ከፍልሰታ ጋር ገጥሞ ከተማው ሁሉ ጾመኛ ሆነ። ቢሆንም ማን ይጨነቃል? ልጅቷ ሞልታለች ተብሎ ቅቤውና ወተቱ ተነሥቶ እሷም እንደ ሰው የጾሙን ያዘች።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ያልታሰበ ፀሐይ ወጣ። በነሐሴ እንዲህ ያለ ፀሐይ መንዝ ላይ ስለማይታመን ሰው በየደጁ ቆሞ እያየው ነበር። እናትና ልጅ ወደ ጀላሉ ሱቅ የወረዱት ለመመዘን አልነበረም፤ ጥሩሸዋ የፈተለችውን ክር ልታስረክብ፣ ጽናትም ጀላሉንና ሚስቱን ራውዳን ልትሰናበት ነው። ራውዳ በሩ ላይ ቆዳ እያራገፈች ነበር፤ ሳቂታ፣ ነገር ካገኘች የማትለቅ ሴት ናት። ሲጨዋወቱ ፀሐዩ በረታና ጽናት በርኖሱንም፣ ከሥር የደረበችውን ጋቢም አውልቃ ቆዳው ክምር ላይ ጣለቻቸው። "በይ እንግዲህ ለስንብት አንዴ ውጪበት፤ ሚዛኑም ይናፍቅሻል" አለ ጀላሉ። ወጣች። መርፌው ተንቀጠቀጠና ሃምሳ ሁለት ተኩል ላይ ቆመ።

ጀላሉ ጎንበስ ብሎ አየ። ሚዛኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አስወርዶ የብረቱን ክብደት አስቀመጠበት፤ ልክ ነው። እንደገና አወጣት፤ ሃምሳ ሁለት ተኩል። "አሞሽ ነበር እንዴ?" አላት። ጥሩሸዋ ክሩን እንደ ያዘች ቆማለች። ያን ጊዜ ራውዳ፣ ምን እንደ ታያት እንጃ፣ በርኖሱንና ጋቢውን ከክምሩ ላይ አንስታ ባዶው ሚዛን ላይ ወረወረቻቸው። መርፌው ሦስት ተኩል ላይ ሄዶ ተቀመጠ። "ያ አላህ!" አለች ራውዳ አፏን ይዛ፤ "ሁለት ወር ሙሉ ስንመዝን የኖርነው ይህን ነው!" ሳቋ አፈናት፤ ጽናትም ሳቀች፣ ጀላሉም ሳቀ። ዕድሜ ልካቸውን ፀጉር ሲፈትሉ፣ ፀጉር ሲሸምኑ፣ ፀጉር ሲመዝኑ የኖሩ ሰዎች ፀጉሩን ረሱት! ምህንድስና የተማረችዋም እንኳ አልታያትም። ምኑ ይፈረድባቸዋል? በክረምት መንዝ ላይ ልብስ ማውለቅ ሰው ልብ ውስጥ የሚገባ ሐሳብ አይደለም። ብርዱ ሲጨምር ልብሱ ይጨምራል፣ ልብሱ ሲጨምር ልጅቷ ትወፍራለች። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ሁሉም በየፊናው ነገ መንገድ መሆኑን፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሐኪሙ ሚዛን መሆኑን አሰበ።

ጥሩሸዋ መርፌው ሲወርድ ልቧ ውስጥ የዘለለውን ነገር አወቀችው። ደስታ ነበር። "ቀረችልኝ!" የሚል፣ ከየት መጣ ሳይባል እንደ ጥጃ የፈነጨ ደስታ። ልጇ ሚዛኑ ላይ ቆማ ፊቷ አመድ ሲመስል እያየች፣ እሷ በውስጧ ደስ አላት። ወዲያው ደግሞ ራሷን ፈራችው፤ እንዲህ ያለች እናት ናት እንዴ? ቆዳው ክምር ላይ ቁጭ አለች። ሰዎቹ ደንግጣ ነው ብለው ውሃ ሊሰጧት ፈለጉ፤ ጾመኛ መሆኗ ትዝ አላቸውና ተዉት።

ጀላሉ ሊያግዝ ብሎ በቀሚሷ ጫፍ ብረት ይሰፋበት አለ። ጽናት ፈገግ አለች። "በስስ የሐኪም ቀሚስ እኮ ነው የሚመዝኑኝ ጋሼ ጀላሉ። ውሃ ጠጥቼ እንዳልከብድ ደግሞ ከመመዘኛው በፊት ሽንት ቤት ያስገባሉ።" በሶም፣ ተልባም፣ ሽሮም ጾሙ ከገባ ወዲህ ሳትሰንፍ በልታው ይኸው ውጤቱ። ራውዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ወተት አለኝ፤ ለማፍጠሪያ ያስቀመጥኩት ጮጮ ሙሉ ወተት አለ። ቅቤም አይጠፋም። ውሃ ያልፋል፣ ቅቤ ግን ይቀመጣል" አለች። ጽናት ወደ እናቷ እንኳ ሳታይ ልብሷን ለበሰች። "አይሆንም። ፍልሰታ ነው። እግዜር ያላለው ነገር አይሆንም" ብላ ወጣች። ድምጿ ተሰብሮ ነበር።

ጥሩሸዋ ልጇን አልተከተለችም። ነጠላዋን አጣፍታ ሽቅብ ወደ ማርያም ወጣች። የንስሐ አባቷ አባ መርስዔ ኃዘን ቅዳሴ እስኪገባ ጥዱ ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዙሪያቸውን ሱባኤ የገቡት ሴቶች ድንኳን ለድንኳን በቆልት ይዘረጋሉ። ተሳለመችና መሬት ተቀመጠች።

"ይፍቱኝ አባቴ።"

"እግዚአብሔር ይፍታሽ። ምነው ወለተ ማርያም፣ ፊትሽ እንዲህ የሆነው?" አሉ በክርስትና ስሟ።

ሁሉንም ነገረቻቸው፤ በርኖሱን ስትነግራቸው አባ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። "ወዳጆ ጥሩ አድርጎ ሸምኖታል ማለት ነዋ!" አሉ። እሷ ግን አልሳቀችም። "አባቴ፣ ሌላም አለ። መርፌው ሲወርድ ደስ አለኝ። ልጄ አዘነች፣ እኔ ደስ አለኝ። ሰማይ ላይ ብቻዋን ሆና ሳስባት ሌሊት አልተኛም፤ እንዳትሄድ በሆዴ ስለምን ነው የከረምኩት።" አባ ሳቃቸውን አቆሙ።

"ብትቀርልሽ ደስ ይልሻል?"

"ይለኛል።"

"ቀርታልሽ፣ ጠዋት ጠዋት ያን ፊቷን እያየሽ ቁርስ ስታቀርቢላትስ?"

ጥሩሸዋ ቀና ብላ ልታያቸው ሞከረችና ዕንባዋ ቀደማት። አባም አላባበሏትም፤ እስኪወጣላት ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ልጅቷ ትብላ አሉ። ሐኪም ያዘዘው ነው፣ ደግሞም መንገደኛ ናት፤ ሰማይ የሚሄድ ሰው መንገደኛ ካልተባለ ማን ሊባል ነው? ጥሩሸዋ አፏ ተፈታ። "እንግዲያው ጾሟን እኔ ልጹምላት። ፍልሰታ ሲፈታ ሰው ይፍታ፣ እኔ የእሷን ቀን እቀጥላለሁ" አለች። አባ እጃቸውን አወራጩ። "ጾም ደቦ የለውም፤ የእሷ በኔ ላይ ይሁን። አንቺ ግን ደስ ስላለሽ ነገር ሦስት ቀን ጨምረሽ ጹሚ። ያም ደስታ የእናት ነውና ብዙ አያስፈራሽ። በይ ሂጂ፣ ልጅቱን አብዪ። ያን አውሮፕላን ስትወጣ ደግሞ አማትባ ትውጣ በያት።"

እንዴት እንደ ወረደች አታውቀውም። በራውዳ በኩል አልፋ ጮጮውን ተቀበለች፤ ራውዳ የቅቤ ቅሉንም ደረበችላትና ራሷም ነጠላዋን ጣል አድርጋ ተከተለቻት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳላይ አልውልም ብላ። ቤት ሲደርሱ ጽናት ሻንጣዋን ከፍታ ነጭ ሸሚዞቿን መልሳ ሳጥን ውስጥ ትደረድራለች። ወዳጆ ከሸማው ጉድጓድ ሳይወጣ አንገቱን ደፍቷል፤ "ጉዱን ያመጣሁት እኔ ነኝ" ይላል ለራሱ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "ሦስት ኪሎ ተኩል ነው ያለሽው ግን? ከነጋቢው?" ብሎ ልጁን ይጠይቃል፤ ኀዘን ውስጥም ሆኖ በሥራው መኩራቱ አልቀረም። ጥሩሸዋ ገባች፤ በጣሳ ወተቱን ቀዳች፤ ልጇ አፍንጫ ሥር አስጠጋችው።

"ጠጪ። አባ ፈቅደዋል።"

ጽናት ጣሳውን አየች፣ እናቷን አየች። "አልጠጣም። እኔ ይህን ጠጥቼ እሄዳለሁ፤ አንቺ ደግሞ 'ልጄ ፍልሰታን ገድፋ ሄደች' እያልሽ እዚህ በር ላይ ስትቆዝሚ ትኖሪያለሽ። አላውቅሽም እንዴ እማዬ? ሂጂ እንኳ አላልሽኝም እኮ። ሁለት ወር ሙሉ ጠበቅሁሽ።"

ወዳጆ መወርወሪያውን ያዘ፤ ራውዳ በሩን ተደግፋ ወደ ውጭ የምታይ መሰለች። ጥሩሸዋ ጣሳውን ከልጇ አፍ ሥር አላነሣችም። "ሂጂ" አለች በመጨረሻ። ድምጿ አልወጣ ብሎ ነበርና ደገመችው። "ሂጂ ልጄ! ፈርቼ ነው። እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው እንጂ መች ጠልቼው? ሂጂ፣ እኔ አልቆዝምም፤ ብቆዝምም የኔ ነው፣ ምን አገባሽ! በሞቴ ጠጪ። በሞቴ!"

በሞቴ ተብሎ እምቢ አይባልም፤ እናት ብላው ደግሞ ጭራሽ። ጽናት ጣሳውን ተቀበለችና እያለቀሰችም እየሳቀችም በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ሁለት ጾመኞች፣ አንዷ የማርያምን፣ አንዷ የረመዳንን፣ ግራና ቀኝ ቆመው ወተቱ በጉሮሮዋ ሲወርድ አዩላት። ራውዳ ምራቋን ዋጥ አደረገችና "አቤት ስታምር! እኔ እኮ ነኝ የጠገብኩት" አለች። ወዳጆም ከጉድጓዱ እየዘለለ ወጣ። "በይ በይ ቶሎ! ገንፎ ይገንፋ!" ብሎ እንጨት ይፈልጥ ጀመር፤ መቼ እንጨት ፈልጦ እንደሚያውቅ እንጃ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት የመብል ሰዓት ነበር። የገብስ ገንፎ ተገነፋ፤ መካከሉ ተጎድጉዶ የቅቤ ኩሬ ሆነ። የንጥሩ ሽታ በጣሪያው አልፎ፣ በአጥሩ አልፎ፣ ፍልሰታን በያዘው ሰፈር ላይ እንደ አዋጅ ተነዛ። መጀመሪያ ጥሩሸዋ ደንግጣ በሩን ልትዘጋው ብድግ ብላ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ በጾሟ የተከበረች ሴት፣ የጽዋ ማኅበሯን የምትመራው ሙሴዋ ሸዋረጋ ደግሞ ጎረቤቷ! ግን መሐል መንገድ ላይ ቆመችና በሩን ይልቅ ወለል አድርጋ ከፈተችው። "ይሽተታቸው!" አለች። ብዙም አልቆየ፤ የሸዋረጋ ድምፅ ከአጥር ማዶ ተሰማ።

"እንዴ! በዚህ ወቅት የማን ቅቤ ነው እንዲህ የሚጮኸው? ሰው ወለደ እንዴ እዚያ ቤት?"

"የኔ ነው!" አለች ጥሩሸዋ እየጮኸች፤ "ለልጄ ነው! ነገ አውሮፕላን ልትማር ትሄዳለች፤ ክብደት ጎድሎባት ነው፤ አባም ፈቅደዋል!"

ጥሩሸዋ ማማሰያዋን እንደ ያዘች ጠበቀች። ትንሽ ቆይቶ የሸዋረጋ እጅ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ሰፌድ ይዟል፤ ሰፌዱ ላይ እንቁላል። "ዶሮዎቼ ጾም አያውቁ፣ ቤቱን ሞሉት፤ ጥበሽላት" አለች። እሷ ስትሰጥ የታችኛዋ ጎረቤትም ሰማች፤ እሷም አመጣች፤ በፍልሰታ የማይበላ እንቁላል በየቤቱ ተከማችቶ ነበርና የጥሩሸዋ መደብ እንደ ገበያ ሆነ። የመጣው ሁሉ ደግሞ ቁጭ ብሎ ጽናትን ያያል፤ አፉን በነጠላው ይዞ "አንድ ጉርሻ ብቻ፣ ስለኔ" ይላል። ጉርሻው አንድም አልሆነ። ጽናት ገንፎውን በልታ፣ እንቁላሉን በልታ፣ ወተቱን ደግማ፣ "ሆዴ ሊፈነዳ ነው፣ ተዉኝ!" እያለች ትለምናለች፤ አባቷ ጎኗ ተቀምጦ "አይዞሽ ብራቮ!" ይላታል። እናቷ ጥግ ቆማ ሁሉንም ታያለች። ቅዳሴው አልፎባታል፤ እህል አልቀመሰችም፤ መራቧንም ረስታው ነበር።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወደ ጀላሉ ሱቅ ወረዱ። ፀሐዩ ሄዶ ብርዱ ተመልሷል። ጽናት እንደ ነፍሰ ጡር ዘና ብላ ትራመዳለች። ራውዳ ወንዶቹን አስወጥታ በሩ ላይ ባና ጋረደች፤ ጀላሉና ወዳጆ ውጭ ቆመው አንዱ ሌላውን ዝም በል ይላል። ጽናት በርኖሱን አወለቀች፣ ጋቢውን አወለቀች፣ ሹራቧን አወለቀች፤ በአንዲት ስስ ቀሚስ ብርዱ እያንቀጠቀጣት ሚዛኑ ላይ ወጣች። መርፌው ከእሷ ጋር ይንቀጠቀጥ ነበር። "ልጄ አትንቀሳቀሺ" አለች ራውዳ። ጽናት ትንፋሿን ያዘች። መርፌው ሃምሳ ሦስትን አለፈ፣ ቀስ አለ፣ ቀስ አለ፣ ሃምሳ አራት ላይ ደረሰ፣ አልፎም ትንሽ ገፋ አድርጎ ቆመ።

ራውዳ ጎንበስ ብላ አየችና እልልታዋን አቀለጠችው። "ሞላች እንዴ?" አለ ወዳጆ ከውጭ፤ "ሞላች!" ተባለ፤ ሁለቱ ሰዎች መንገዱ ላይ ሲተቃቀፉ በባናው በኩል ተሰማ። ጽናት ፊቷ በራ። "እማዬ፣ ሞላሁ! እስክመዘን እየበላሁ ነው የምሄደው፣ አይጎድልም" አለች። ጥሩሸዋ ልቧን አዳመጠችው። ያ የጠዋቱ ፈንጠዝያ አልነበረም። እንግዲህ ልጅቷ መሄዷ ነው፤ እርግጥ ሆነ፤ ያም ያማል። ሕመሙ ግን ደስ ይል ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ እስከ ዛሬ አታውቅም። "እደጊ፣ ተመንደጊ፤ ወጥተሽ በሰላም ግቢ፤ እመብርሃን ትከተልሽ" ብላ መረቀቻት። ራውዳ አሜን አለች፤ ከውጭም ወንዶቹ አሜን አሉ።

"በይ አሁን ውረጂ፣ ብርድ ይመታሻል" አለች ራውዳ ጋቢውን ዘርግታ። ጽናት አንድ እግሯን ስታነሣ ጥሩሸዋ ክንዷን ያዘቻት።

"ቆይ እስኪ፣ አትውረጂ" አለቻት። "እስክጠግብሽ ልይሽ።"